በየትኛው ሰርቨር እንግባ?

በዛሬው የእሑድ ገጻችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ልጅ ያለው፣ ታናሽ ወንድም ያለው፣ ወይም ማታ ማታ ዐይኑን ከስልኩ ላይ የማያነሣ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን ከሩቅም ቢሆን ሳያውቀው አይቀርምና ጥቂት ታግሦ እንዲከተለን እንለምናለን። ጉዳዩ ብዙ ሺህ ሰዎች ከየአገሩ በኢንተርኔት እየተገናኙ በአንድነት የሚጫወቱት፣ እያንዳንዱም ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ወራትና ዓመታት የሚደክምበት የጨዋታ ዓይነት ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አዳኝ፣ አንዱ ብረት ቀጥቃጭ፣ አንዱ ነጋዴ ይሆናል። ሁሉም ከዝቅተኛው ደረጃ ተነሥቶ በድካሙ ከፍ ይላል፤ ንብረት ያፈራል፤ ማኅበር ይገባል።

እንግዲህ ወጣቱ ይህን ጨዋታ ሲከፍት፣ ብዙውን ጊዜ ከስምና ከመልክ አስቀድሞ የሚቀርብለት ትእዛዝ “ሰርቨር ምረጥ” የሚል ነው። ከፊቱ የስም ዝርዝር ይደረደራል። ልጁ ጨዋታውን ለማየት ስለሚቸኩል ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ወይም ስሙ የጣመውን ተጭኖ ያልፋል። ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ግን ነገሩ ይገለጥለታል። ያጎቱ ልጅ የገባው በሌላ ሰርቨር ነው፤ እርሱ ማታ ሲገባ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ ሰይፉን ሲያነሣ ጠላቱ ቀድሞ መትቶታል። ያን ጊዜ “ልቀይር” ቢል፣ የደከመበትን ሁሉ ጥሎ ካንድ እንዲጀምር ይነገረዋል። አንድ ደቂቃ ያልታሰበበት ምርጫ የብዙ ሌሊት ድካም አስቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላሉ ወጣቶቻችን፣ እንደዚሁም ለወላጆቻቸው፣ ይህ ምርጫ በምን በምን መመዘን እንዳለበት በቅደም ተከተል ልናስረዳ እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሰርቨር ምንድን ነው?

ሰርቨር ማለት በአንድ ስፍራ ተተክሎ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚሠራ ብርቱ ኮምፒውተር፣ ወይም በአንድነት የተያያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች ማለት ነው። የጨዋታው ዓለም የሚኖረው በዚያ ውስጥ ነው እንጂ በተጫዋቹ ስልክ ውስጥ አይደለም። ተጫዋቹ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ስልኩ ወደዚያ ይልካል፤ ሰርቨሩም ይፈርድና መልሱን ይልካል።

አንድ ሰርቨር ሊሸከመው የሚችለው የሰው ብዛት ወሰን አለው። በዚህ ምክንያት የጨዋታ ኩባንያዎች ያንኑ አንድ ዓለም እያባዙ በልዩ ልዩ ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጡታል። ተራራውም፣ ወንዙም፣ ከተማውም በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ የሚለያየው ነዋሪው ነው። በ1997 የወጣው ኡልቲማ ኦንላይን የተባለው ጨዋታ ይህን መባዛት በተረት አድርጎ አስረድቶታል። አንድ ክፉ ጠንቋይ ዓለምን የያዘ ዕንቍ ነበረው፤ ዕንቍው ሲሰበር እያንዳንዱ ስባሪ የዚያን ዓለም ሙሉ አምሳያ ይዞ ቀረ ይላል ተረቱ። በዚህም የተነሣ የጨዋታው ሰርቨሮች “ሻርድ” ተባሉ፤ ትርጓሜውም ስባሪ ማለት ነው።

ሰውን ሁሉ በአንድ ዓለም ለማኖር የደፈረም አልጠፋም። በ2003 የተጀመረው ኢቭ ኦንላይን ተጫዋቾቹን ለንደን ላይ በተተከለ አንድ ዓለም ሰብስቦ ኖሯል። ነገር ግን ይህም ዋጋ አለው። በጃንዋሪ 2014 በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከ7500 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ታላቅ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ኮምፒውተሩ ሸክሙን ይችል ዘንድ የጨዋታው ሰዓት ወደ ዐሥር በመቶ ዝግ እንዲል ተደርጓል። ይኸውም የአንድ ደቂቃ ሥራ ዐሥር ደቂቃ ፈጀ ማለት ነው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች መከፋፈልን የመረጡት ይህን በመፍራት ነው።

የጋይንት ሰው የሚያውቀው ምርጫ

ይህ ነገር ለአገሩ ሰው ጭራሽ ባዕድ አይደለም። ጋይንት የትምህርት አገር ነው። ድጓን ጠንቅቆ ለመመስከር የሚሻ ተማሪ ከየአውራጃው ተነሥቶ የሚመጣው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕትን ለመመስከር የሚሻውም እዚያው ጋይንት ወደ ዙር አምባ ይወጣል። አቋቋምን የፈለገ ወደ ጎንደር፣ ቅኔን የፈለገ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ዋድላ ይሻገራል። ቆማ ፋሲለደስም የሚገኘው በእስቴ ነው።

እንግዲህ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ሲወጣ ምን ምን ያመዛዝን እንደ ነበር እናስብ። አንደኛ መንገዱ ምን ያህል ይርቃል? ሁለተኛ በዚያ ያለው ሥርዓት ምን ዓይነት ነው? የድጓው ዜማ የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር እየተባለ በስልት ይለያያልና የአንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሚገባ ተማሪ የለመደውን ማረም ግድ ይሆንበታል። ሦስተኛ ጉባኤው ስንት ተማሪ አለው? እጅግ ከበዛ የኔታ ዘንድ ተራ አይደርስም፤ ቁራሽም አይበቃም። እጅግ ካነሰ ደግሞ አብሮ የሚቀጽል ጓደኛ አይገኝም። አራተኛ ከአገሩ ልጅ ማን አለ?

ሰርቨር የሚመርጠው ወጣትም የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች እነዚሁ አራቱ ናቸው፤ ርቀት፣ ሥርዓት፣ የሰው ብዛትና ጓደኛ። መቼም የነፍስ ትምህርትና የመዝናኛ ጨዋታ አንድ ናቸው ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። የአመራረጡ ጥበብ ግን ከአባቶች ቤት የተገኘ ነው።

ስለ ርቀት

ብርሃን በመስተዋት ገመድ ውስጥ ሲጓዝ በአንድ ሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህ እጅግ ፈጣን ቢመስልም ለእንዲህ ያለው ጨዋታ በቂ ፍጥነት ላይሆን ይችላል። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ሰከንድ አንድ ሺህ ሚሊ ሰከንድ ነው። ተጫዋቾች ይህን የመሄጃና የመመለሻ ጊዜ “ፒንግ” ይሉታል።

ከጋይንት እስከ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ቀጥታው ወደ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች መልስ ማግኘት አይቻልም። እስከ ሲንጋፖር ወደ 7300 ኪሎ ሜትር ነውና 73 ሚሊ ሰከንድ ነው። እስከ ዋሽንግተን ወደ 11300 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን 113 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። እስከ ባሕሬን ግን ወደ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነውና 20 ሚሊ ሰከንድ ይበቃ ነበር። ይህ ሁሉ ገመዱ እንደ ንብ በቀጥታ ቢበር ነው። እውነተኛው መንገድ ግን ጠመዝማዛ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመራችን በጅቡቲና በኬንያ በመሳሰሉት የጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ከባሕር በታች ከተዘረጉት ገመዶች ጋራ ይገናኛል። በ2024 መጀመሪያ ላይ በቀይ ባሕር ያሉ ገመዶች በተቆረጡ ጊዜ እንደታየው፣ መንገዱ ሲዘጋ መልእክቱ በሌላ አቅጣጫ ሊዞር ግድ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ፒንግ ሁልጊዜ ከዚህ ስሌት ይበልጣል፤ ከዚህ ግን በምንም አያንስም። “የእኛ መስመር ፈጣን ነው” የሚል ማስታወቂያም ይህን ወሰን ሊሽረው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። አንዳንድ ወጣት “አፍሪካ” የሚል ስም ከዝርዝሩ ሲያይ “የራሳችን ነው፣ ይቀርበናል” ብሎ ይመርጣል። ይሁን እንጂ ትልቁ የአማዞን ኩባንያ በ2020 በአፍሪካ የከፈተው የኮምፒውተር ማእከል ያለው ኬፕ ታውን ነው። ከጋይንት እስከ ኬፕ ታውን ደግሞ ወደ 5500 ኪሎ ሜትር ነውና ከፍራንክፈርት ይልቅ ይርቃል! ይኸው ኩባንያ በ2019 የከፈተው የባሕሬኑ ማእከል ባንጻሩ ከሁለቱም በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ስሙን ትቶ ከተማውን መጠየቅ ይገባል።

ከፒንጉ ማነስ ይልቅ የፒንጉ መርጋት እንደሚበልጥም ማወቅ ያሻል። ሁልጊዜ 150 ሆኖ የሚቆይ መስመር፣ አንድ ጊዜ 80 አንድ ጊዜ 500 ከሚሆነው ይሻላል። የረጋውን እጅ ይለምደዋል፤ የሚዘልለውን ግን ማንም አይለምደውም። ይህንንም ለማወቅ በቀትር አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም። በሚጫወቱበት ሰዓት፣ በሚጫወቱበት ቤት፣ ቢያንስ ሦስት ማታ መለካት ነው፤ ማታ ሕዝቡ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት መስመሩ ይጨናነቃልና።

የጨዋታው ዓይነትም ነገሩን ይለውጠዋል። በ2001 የተጀመረው ሩንስኬፕ፣ በተለይም ከ2018 ወዲህ በስልክ የሚገባው የዱሮው ስልቱ፣ ትእዛዝን የሚቀበለው በየ0.6 ሰከንዱ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ የ200 ሚሊ ሰከንድ መዘግየትን በብዙው ይሸፍናል። ፈጣን ሰይፍ የሚጠይቀው ጨዋታ ግን አይሸፍንም። ሩቅ ያለ ሰው ለርቀቱ የሚስማማ ጨዋታ መምረጡ ብልሃት ነው።

ስለ ሰዓት

ብዙ ወጣት የሚረሳው ነገር ሰዓት ነው። ሰርቨር ሕዝብ የሚበዛበት የራሱ ምሽት አለው። በፍራንክፈርት ሰው ከራት በኋላ የሚሰበሰብበት ሰዓት በእኛ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። ለነፋስ መውጫ ብርድ ቢሆንም ተጋቢ ለብሶ የሚመሽበት ሰዓት ነው። በሲንጋፖር የዚያው ሰዓት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ተማሪው ገና ከትምህርት ቤት ሊመለስ፣ ገበሬው ገና ከማሳው ላይ ነው። በዋሽንግተን ሲሆን በእኛ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው።

እንግዲህ የአሜሪካን ሰርቨር መርጦ ከታላላቆቹ ማኅበሮች ጋራ ልዝመት የሚል የወገዳ ተማሪ ከዶሮ ጩኸት ጋራ እየተነሣ መጫወት፣ ጧትም ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት ይሆንበታል ማለት ነው። ወላጅ “ይህ ልጅ ምን ነካው?” ሲል ምክንያቱ የጨዋታው መኖር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሰርቨሩ ምርጫም ሊሆን ይችላል። ያው ልጅ የኤውሮጳውን ቢመርጥ ኖሮ ተጫውቶ በጊዜ ይተኛ ነበር። ልጅን ከመቆጣት በፊት “በየትኛው ሰርቨር ነህ?” ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ስለ ሰው ብዛት

የታች ጋይንት ዋና ከተማ ስሟ አርብ ገበያ ነው። ስሟ ራሱ የሚያስረዳው ነገር አለ። ሰው ሁሉ በየፊናው በየቀኑ ቢወጣ ሻጭ ገዥን፣ ገዥ ሻጭን አያገኝም ነበር፤ ቀን ተቆርጦ ሁሉ በአንድ ሲሰበሰብ ግን ገበያ ይቆማል። የጨዋታ ሰርቨርም እንዲሁ ነው። በውስጡ የጨረታ ገበያ አለ፤ ተጫዋቹ የቀጠቀጠውን ሰይፍ የሚሸጠው፣ መድኀኒት የሚገዛው ከሌላ ተጫዋች ነው። ሰው ከሌለበት ገበያው ይሞታል፤ ለዘመቻም ጓድ አይገኝም።

በሌላ በኩል የሰው መብዛትም ችግር አለው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው፣ በ2004 የወጣው ዝነኛ ጨዋታ፣ በኦገስት 2019 የዱሮውን መልኩን እንደገና ሊከፍት ሲል ሕዝቡ ሄሮድ በሚባል አንድ ሰርቨር ላይ ተከመረ። ኩባንያውም በዚያ ሰርቨር ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሰልፍ ሊይዝ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ ወደ ሌላው እንዲዛወሩ ለመነ። በዲሴምበር 2021 ፋይናል ፋንታሲ 14 የተባለው ጨዋታ እጅግ ከመጨናነቁ የተነሣ ሻጩ ኩባንያ ለጊዜው መሸጡን እስከ ማቆም ደርሷል። ለአገራችን ልጅ ይህ ሰልፍ ይብስበታል። ሁለት ሰዓት ቆሞ ተራው ሊደርስ ሲል መብራት ይጠፋል ወይም መስመር ይቋረጣል፤ ሲመለስም ከሰልፉ ጅራት ይጀምራል።

እጅግ ባዶ የሆነውን የመረጠስ? ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሰው የሳሳባቸውን ሰርቨሮች ከ2013 ጀምሮ እርስ በርሳቸው እያገናኘ ሕዝባቸውን አንድ አድርጓል። ይህ መልካም መድኀኒት ነው፤ ሁሉም ጨዋታ ግን ይህን አያደርግም። ስለዚህ መካከለኛውን፣ ማለት በዝርዝሩ ላይ “ሙሉ” የማይለውን፣ ነገር ግን በሚጫወቱበት ሰዓት ሰው የሚታይበትን መምረጥ ይሻላል። አዲስ የተከፈተ ሰርቨር ሁሉን ከእኩል ያስጀምራልና ለጀማሪ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሞቅታ ሲበርድ ሕዝቡ ሊበተን ይችላል። ለመግባት ከመወሰን በፊት ጥቂት ሳምንት መታገሥ ይበጃል።

ስለ ሥርዓት

እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ይባላል። ሰርቨሮች በስም ብቻ የሚለያዩ አይደሉም፤ በሕግም ይለያያሉ። በአንዳንዱ ተጫዋች ሌላውን ተጫዋች ያለ ፈቃዱ ሊወጋው አይችልም፤ ጦርነቱ ከአውሬና ከጭራቅ ጋራ ነው። “ፒቪፒ” በተባለው ግን ማንም ማንንም መንገድ ላይ ሊገድል ይችላል። “አርፒ” በሚባለው ደግሞ ተጫዋቹ እንደያዘው ገጸ ባሕርይ እንዲናገርና እንዲኖር፣ ስሙም ለዚያ ዓለም የሚገባ እንዲሆን ይጠበቅበታል። በ1999 የወጣው ኤቨርኬስት ለዚህ ለዚህ የተለዩ ሰርቨሮች ነበሩት። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም ሰርቨሮቹን እንዲሁ ሲለይ ኖሮ፣ በ2018 መዋጋትን ሰርቨሩ ሳይሆን ተጫዋቹ ራሱ እንዲፈቅድ አድርጎታል፤ የዱሮውን መልክ በያዘው በኩል ግን ልዩነቱ እንዳለ ተመልሷል።

ለእኛ አገር ተጫዋች ምክራችን ይህ ነው። መስመሩ የማይረጋበት ሰው ፒቪፒ ሰርቨር ቢገባ የሰው መጫወቻ ይሆናል። ከአውሬ ጋራ ሲዋጉ መዘግየት ቢያስቸግር ማፈግፈግ ይቻላል። ከሰው ጋራ ሲሆን ግን በኔትወርክ መጥፋት የተሸነፈውንና በስንፍናው የተሸነፈውን የሚለይ ዳኛ የለም።

መውጣት ይቻላልን?

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። በሩንስኬፕ ገጸ ባሕርዩ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ዛሬ እንግሊዝ፣ ነገ ጀርመን ቢገባ ንብረቱ አብሮት ነው። ስለዚህ በዚያ የሚሳሳት ሰው ጉዳቱ ቀላል ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከ2006 ጀምሮ በክፍያ ማዛወር የፈቀደ ሲሆን፣ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ያስከፈለው 25 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ለአሜሪካን ልጅ የአንድ ምሽት ወጪ ሊሆን ይችላል፤ ለእስቴ ልጅ ግን በብርም ብዙ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 ከ2022 ጀምሮ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ማእከል በእንግድነት ሄዶ እንዲመለስ ፈቅዷል።

በስልክም ስለሚሠራ የእኛን ወጣቶች በቀላሉ የሚደርሳቸው አልቢዮን ኦንላይን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጨዋታው በ2017 ተጀምሮ በ2021 በስልክ ወጣ። በዚያን ጊዜ ሰርቨሩ አንድ ሲሆን የሚገኘውም በአሜሪካ ነበር። በ2023 ለእስያ፣ በ2024 ደግሞ ለኤውሮጳ ሰርቨር ተከፈተ። ሦስቱ ግን የተለያዩ ዓለማት ናቸው፤ በአንዱ የተገኘ ሰይፍም ሆነ ብር ወደ ሌላው አይሻገርም። እንግዲህ በ2021 ገብቶ ሦስት ዓመት የደከመ ሰው ምን ያድርግ? ሀብቱን ይዞ ከሩቁ ጋራ ይዘግይ፣ ወይስ ባዶ እጁን ቀርቦ ይጀምር? በእርሻ ምሳሌ ብንናገር፣ ያለማውን መሬት ትቶ ለውሃ የሚቀርበውን ዳዋ እንደገና ይመንጥር ወይ እንደ ማለት ነው። መልሱ ለሁሉ አንድ ሊሆን አይችልም። ብቻውን የሚጫወትና ለንግዱ የሚገባ ቢቆይ አይጎዳም፤ ለውጊያ የሚገባ ግን መዛወሩ ይሻለዋል።

ከመውጣት ጋራ የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም መቅረት ነው። በፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥ ቤት የሠራ ሰው 45 ቀን ሳይገባበት ከቀረ ቤቱ እንደሚፈርስ ሕግ ተደንግጓል። ሕጉ የወጣው የተተወ ቤት የሌላውን ቦታ እንዳይዝ ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን መስመር ሲጠፋ ወራት ሊጠፋ እንደሚችል አላሰቡም። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ አገልግሎቱ በብዙ ስፍራ ሳይመለስ ወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚያስጨንቀው ስለ ጨዋታ ቤት ሳይሆን ስለ ዘመዱ ደኅንነት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምርጫ ሲነሣ፣ ቀሪን የማይቀጣ ጨዋታ መምረጥ ለእኛ አገር ሰው የተገባ ነው እንላለን። በየወሩ በዶላር የሚያስከፍለውም እንዲሁ ነው፤ መስመሩ ቢጠፋም ሒሳቡ አይቆምም።

ስለ ጓደኛ

ከአራቱ ጥያቄዎች የመጨረሻውን ያቆየነው ከሁሉ ስለሚከብድ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በሰርቨር ምርጫ ግን ይህ ተረት አንዳንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ ብዙ ወጣት ወደ ጨዋታው የሚገባው ሩቅ ያለውን ዘመዱን ሊያገኝ ነውና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በነፋስ መውጫ ትምህርት ቤት አንድ ላይ የተማሩ ሦስት ጓደኛሞች አሉ እንበል። አንዱ እዚያው ቀርቷል፤ ሁለተኛው ሪያድ ሥራ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ዋሽንግተን ገብቷል። “በጨዋታው እንገናኝ” ተባባሉ። የዋሽንግተኑ የአሜሪካውን ቢያስመርጥ፣ እርሱ በአጠገቡ ነው፤ የሪያዱ ቢያንስ 108፣ የነፋስ መውጫው ቢያንስ 113 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያሉ። የኤውሮጳውን ቢመርጡ ግን የሪያዱ ቢያንስ 43፣ የነፋስ መውጫው ቢያንስ 50፣ የዋሽንግተኑ ቢያንስ 65 ይሆንባቸዋል። ሦስቱም ጥቂት ጥቂት ይከፍላሉ እንጂ አንዱ ተመችቶት ሁለቱ አይጎዱም። ሰዓቱም እንዲሁ ይገጥማል። የሪያድና የእኛ ሰዓት አንድ ነው። ቅዳሜ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነውና ሥራ የሌለበት ቀን ስለሆነ ሦስቱም ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በእንዲህ ያለው ስብስብ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ገንዘብና ፈጣን መስመር ያለው ነው። እርሱም ክፋት ኖሮበት ሳይሆን የእርሱ ጨዋታ ስለማይዘገይ የሌላው መዘግየት አይታየውም። ጓደኛው ዘወትር ከኋላ ሲቀር “ሰነፍህ” እያለ ይቀልድበታል። ያ በአገር ቤት ያለው ልጅ ደግሞ “መስመሬ ሩቅ ነው” ማለት ያፍርና እያደር ይቀራል። አንድ ቀላል ስሌት ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ የሚተርፍ ወዳጅነት በዚህ ምክንያት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉት ወንድሞቻችን ከመምረጣቸው በፊት “አንተ ዘንድ ስንት ይላል?” ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።

ጓደኛ የሌለውና ብቻውን የሚጀምር ወጣትም ማኅበር መፈለግ አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቃል በቃል የሚፈጸም ነው፤ ትልቁን አውሬ ብቻውን የሚጥል የለም። ስለዚህ ወደ ሰርቨሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ብዙ ሳይደክም፣ ቋንቋውን የሚሰማው፣ በሚገባበት ሰዓት የሚገኝ ማኅበር መኖሩን ይመርምር። ከሌለ ያን ጊዜ መቀየር ቀላል ነው።

እንግዲህ ነገራችንን ለመሰብሰብ፣ ወጣቱ ጨዋታውን ከማውረዱ በፊት እነዚህን በወረቀት ላይ ቢጽፍ ይጠቀማል፤ ማውረዱ ራሱ ብዙ ዳታ ይበላልና። አብረውኝ የሚጫወቱት እነማን ናቸው፣ የትስ ይኖራሉ? ሁላችንም የምንገኝበት ሰዓት የትኛው ነው? ሰርቨሩ ያለበት ከተማ የት ነው? በሦስት ማታ የለካሁት ፒንግ ረግቷል ወይ? በሰርቨሩ ሰው ሰውን ይወጋል ወይ? ብቀር ምን ይጠፋብኛል? ብሳሳት መውጣት እችላለሁ ወይ? ለእነዚህ ሰባት ጥያቄዎች መልስ ካገኘ በኋላ ይግባ። የመጀመሪያውንም ሳምንት እንደ ሙከራ ይቍጠረው፤ ገንዘብም አያውጣበት።

ወላጆችም ልጃቸው ስልኩን ይዞ ከጥግ ሲቀመጥ ከማን ጋራ እንዳለ ቢጠይቁት መልካም ነው። ምናልባት ሪያድ ያለው የወንድማቸው ልጅ ከዚያ ማዶ ሊገኝ ይችላል፤ “እንደምን አመሸህ” ለማለትም ጥሩ አጋጣሚ ይሆናል።